የማላውቀውን ጥያቄ ላጥቁር ወይስ ባዶ ልተው?

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። እኔ ከተማ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ባለፉት ዓመታት ትምህርት እየተቆራረጠ ስለነበር ብዙ ምዕራፍ ሳንጨርስ ነው እዚህ የደረስነው።

ችግሬ እንዲህ ነው። የማላውቀውን ጥያቄ መገመት አልችልም። እጄ እሺ አይለኝም። በቅርቡ በወሰድነው የሒሳብ ሞዴል ፈተና ከ60 ጥያቄ 14ቱን ባዶ ትቼ ወጣሁ። 27 አገኘሁ። ጓደኛዬ የማታውቀውን ሁሉ ጌስ አድርጋ 31 አመጣች። ማታ ማታ ሒሳብ የማስረዳት ደግሞ እኔ ነኝ! በእሷም በራሴም ተናደድኩ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። «የማታውቂውን አላውቅም በይ፤ አላውቅም ማለት ነውር የለውም» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ስለ መገመት ስነግራቸው «እሱማ ቁማር ነው፣ ያልዘሩትን ማጨድ ነው» አሉኝ። የሒሳብ መምህራችን ደግሞ በክፍል ፈተና አንድ የተሳሳተ መልስ አንድ ትክክል ይበላል ይላሉ፤ እንዳሉትም ይቀንሳሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይህን ስለለመድኩ ሳላውቅ ማጥቆር ያስፈራኛል።

ጓደኛዬ «ሞኝ ነሽ» ትለኛለች። መገመት ማጭበርበር ነው? ካልሆነስ የሚያዋጣው መቼ ነው? ብሔራዊ ፈተናው እየቀረበ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የመሪጌታው ልጅ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

———

የመሪጌታው ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ያዘኝ። «እጄ እሺ አይለኝም» ያልሽው። እጅሽን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ መምህርሽ፣ አንዱ አባትሽ። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ግን የያዙሽ በተለያየ ምክንያት ስለሆነ ለየብቻ ማየት አለብን።

ከቁጥሩ ልጀምር። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ምንም ሳታውቂ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብታጠቁሪ የማግኘት ዕድልሽ ከአራት አንድ ነው። ለተሳሳተ መልስ ምንም የማይቀነስ ከሆነ ያ ግምት በአማካይ ሩብ ነጥብ ያወጣል። ሩብ ማርክ ብሎ ነገር የለም፤ ወይ 1 ነው ወይ 0። ግን አንቺ ባዶ የተውሽው አንድ ጥያቄ አይደለም፣ 14 ነው። 14 ለ4 ሲካፈል 3.5 ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን «የሚጠበቅ ዋጋ» ይሉታል። ሊደርስ የሚችለውን እያንዳንዱን ውጤት በዕድሉ ታባዢና ትደምሪዋለሽ። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እንግዲህ 27 ላይ 3.5 ጨምሪ። 30.5 ነው። የ60 ግማሽ ስንት ነው? አየሽ፣ የግማሹ መስመር በባዶዎቹ ክቦች መሃል ነበር።

አማካይ ነው ማለት ግን የግድ ይደርስሻል ማለት አይደለም። 14ቱንም ልትስቺ ትችያለሽ። የዚያ ዕድል ከ100 ሁለት እንኳ አይሞላም። ሦስትና ከዚያ በላይ አግኝተሽ 30 የመግባት ዕድልሽ ደግሞ ከ100 ወደ 72 ይጠጋል፤ ያውም ዓይንሽን ጨፍነሽ።

እኔን አትመኚኝ፣ ራስሽ ሞክሪው። ዛሬ ማታ አራት ፍሬ በቆሎ ውሰጂ። አንዷን በእርሳስ አጥቁሪያት። ስኒ ውስጥ ከተሽ አንቀጥቅጪና ሳታዪ አንድ ፍሬ አውጪ። አይተሽ መልሻት። እንዲህ 14 ጊዜ። ጥቁሯ ስንት ጊዜ እንደወጣች ጻፊ። ከዚያ ጓደኛሽ ትሞክር። አስር ዙር ከሠራችሁ በኋላ ደምሩና ለ10 አካፍሉት። እኔ ይህን ስጽፍ ተነስቼ ወጥ ቤት ገብቼ ሞከርኩት። መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 1፣ ከዚያ 4 ወጣልኝ። ያቺ 1 የወጣችበት ዙር አናደደችኝ፤ የበቆሎ ፍሬ እኮ ነው! የአንቺም ፍርሃት የሚመጣው ከእንደዚያች ዓይነት ዙር ይመስለኛል። አንዷን ዙር ብቻ ካየን ግምት ሁሉ ከንቱ ይመስለናል።

አሁን ወደ መምህርሽ እንሂድ። በእሳቸው ክፍል አንድ ስህተት አንድ ትክክል ይበላል። ዓይን ጨፍነሽ አራት ጥያቄ ብታጠቁሪ በአማካይ አንዱን ታገኛለሽ፣ ሦስቱን ትስቻለሽ። 1 ሲቀነስ 3፣ ከዜሮ በታች 2። በእያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ነጥብ ኪሳራ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ክፍል ባዶ መተውሽ ልክ ነበር። ሞኝ አልነበርሽም፤ ይህን ለጓደኛሽም ንገሪልኝ። ነገሩ የተበላሸው የአንዱን ቤት ሕግ ይዘሽ ሌላ ቤት ስትገቢ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተለመደው አሠራር የሚቆጠረው ትክክሉ ብቻ ነው፤ ለስህተት ነጥብ አይቀነስም። እዚያ ባዶ የተተወ ክብና የተሳሳተ ክብ ዋጋቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም ዜሮ። ሞዴል ፈተናችሁስ? ጓደኛሽ ሁሉንም አጥቁራ 31 ካመጣች የሚቀነስ ያለው አይመስልም። ግን መምህርሽን ጠይቂያቸው። ቀላል ጥያቄ ነው፦ «የኔታ፣ በዚህኛው ስህተት ይቀነሳል?»

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ መግባት ምን እንደሚያስከፍል እኔ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ለአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ተቀመጥኩ። 50 ጥያቄ ነበር። 30 ያህሉን በደንብ አውቄዋለሁ። የቀረውን 20 በፍጥነት አጠቆርኩና ቀድሜ ወጣሁ፤ ኩራቴ አይነሳ! መመሪያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር፣ አላነበብኩትም። ለእያንዳንዱ ስህተት ግማሽ ነጥብ ይቀነስ ነበር። ውጤት ሲለጠፍ 33 ትክክል፣ 17 ስህተት። 33 ሲቀነስ 8.5፣ 24.5 ሆነ። ማለፊያው 25 ነበር። 20ዎቹን ባዶ ብተዋቸው ኖሮ ወደ 30 ተጠግቼ አልፍ ነበር። ያን ቀን ከግቢው እስከ መናኸሪያ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ለታክሲ ሳንቲም ሳላጣ።

ስለዚህ «ሁልጊዜ ገምቺ» የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ «በፍጹም አትገምቺ» የሚልሽንም አትስሚ። የሚወስነው ቅጣቱ ነው። አንድ ሙሉ ነጥብ የሚቀነስ ከሆነ ከግማሽ በላይ እርግጠኛ ስትሆኚ ብቻ አጥቁሪ። ግማሽ ነጥብ ከሆነ ከሦስት አንድ በላይ ዕድል ይበቃል። ሲሶ ነጥብ ከሆነ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ የጭፍን ግምት ትርፍም ኪሳራም የለውም፤ አንዱን ምርጫ እንኳ መጣል ከቻልሽ ወደ ትርፍ ገባሽ። የአሜሪካኖቹ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ኤስኤቲ የሚሉት፣ ድሮ አምስት ምርጫ ነበረው፤ ለስህተትም ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። አስልተሽ ብታዪው ጭፍን ግምት ዜሮ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቅጣቱን አነሱት። በሕንድ የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና ላይ ደግሞ ለትክክል 4 ይሰጣል፣ ለስህተት 1 ይቀነሳል። ይህን ለበቆሎ ፍሬሽ የቤት ሥራ ልተውልሽ፤ አራት ምርጫ ነው፣ ጭፍን ግምት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጭፍን ግምት ነው። አንቺ ግን ጓደኛሽን የምታስረጂ ልጅ ነሽ። ከ14ቱ ውስጥ ስንቱን ነው በእውነት ምንም የማታውቂው? አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ሦስት ማዕዘን አለ። ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ 5 እና 12 ናቸው። ረጅሙ ጎን ስንት ነው? ምርጫው 4፣ 13፣ 15፣ 17። ቀመሩ ጠፋብሽ እንበል። በድንጋጤ ይጠፋል፣ የእኔም ጠፍቶ ያውቃል። ግን ረጅሙ ጎን ከ12 መብለጥ እንዳለበት ታውቂያለሽ፤ ረጅሙ ተብሏላ። 4 ወደቀ። ከገበያ ወደ ቤት አቋርጦ መሄድ ዞሮ ከመሄድ እንደሚያጥርም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ረጅሙ ጎን ከ5 ሲደመር 12፣ ከ17 ማነስ አለበት። 17ም ወደቀ። የቀሩት 13 እና 15 ናቸው። ዕድልሽ ከሩብ ወደ ግማሽ ዘለለ። ይህንን ታዲያ መገመት ትይዋለሽ ወይስ ማወቅ? እኔ ግማሽ ማወቅ ነው የምለው። ባዶ ስትተይው ያንን ግማሽ ዕውቀትሽንም አብረሽ ትጥይዋለሽ። ፈታኙ 4 እና 17 እንዳልሆኑ ማወቅሽን በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አባትሽ።

«ቁማር ነው» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ይህ ሒሳብ የተወለደው እውነትም ከቁማር ነው። ፓስካልና ፌርማ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1654 ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ጥያቄያቸው በመሃል የተቋረጠ ጨዋታ ገንዘቡ ለተጫዋቾቹ እንዴት በፍትሕ ይከፈል የሚል ነበር። ልብ በይ፣ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ቁማርን ቁማር የሚያሰኘው ደግሞ የምታስይዢው ነገር መኖሩ ነው። ሎተሪ ስትቆርጪ ብር ትከፍያለሽ፤ በአማካይ የሚመለስልሽ ከከፈልሽው ያነሰ ነው። በብሔራዊ ፈተናው ላይ ባዶውን ክብ ስታጠቁሪ የምታስይዢው ምንም የለም፤ ከሌላ ሰው ኪስም አትወስጂም። ማጭበርበር ማለት ሕጉን ደብቆ መጣስ ነው። ኩረጃ እንደዚያ ነው። እዚህ ግን ሕጉን ያወጣው ፈታኙ ራሱ ነው፤ ተማሪ እንደሚገምትም ያውቃል። የፈተናው ወረቀት «ታውቂያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀሽም። «ከእነዚህ ትክክሉን ምረጪ» ነው ያለሽ።

ይህን ሁሉ ለአባትሽ እንዲህ ብትነግሪያቸው ግን የሚዋጥላቸው አይመስለኝም። እኔ ብሆን በሌላ በኩል ነበር የምሄደው። በእናንተው አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የቅኔ አገር ሰዎች ናችሁ። አባትሽ የቅኔ ተማሪ ሳሉ ምን ያደርጉ ነበር? ጥግ ይዘው ቅኔ ይቆጥራሉ፤ በልባቸው ያዘጋጃሉ ማለት ነው። ከዚያ መምህራቸው ፊት ቀርበው ይነግራሉ። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። ሰሙ ከወርቁ ገጥሞለት ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት አያውቅም። ግን ይነግራል። ቤት ቢመታ ይመሰገናል፤ ቢሳት ይታረማል። «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ዝም ያለ ተማሪ ምን ይታረማል?

አባትሽ «እኔ አስቤ፣ ደክሜ ነው የነገርኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም» ሊሉሽ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም በዚህ አልከራከራቸውም። አስቦ ሁለቱን ጥሎ ከሁለት አንዱን መምረጥና እጅ እንዳመራ ማጥቆር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለቅኔው ይቀርባል። ሁለተኛው ዕጣ ነው። ግን ዕጣም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን ነውር አይደለም፤ በይሁዳ ቦታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። እሳቸው ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እያስተማርሻቸው እንዳይመስል ብቻ።

ከአባትሽ ቃል ውስጥ እንድትይዢው የምፈልገው ነገርም አለ። «አላውቅም በይ» ያሉሽ ለፈተና ወረቀት ሳይሆን ለሕይወት ነው ብዬ እገምታለሁ። (ይኸው እኔም ገመትኩ።) ታዲያ በሞዴል ፈተና ላይ የገመትሽው ጥያቄ አጠገብ በጥያቄው ወረቀት ላይ ትንሽ ነጥብ አድርጊ። መልሱ ሲታረም ነጥብ ያለባቸውን ለብቻ ቁጠሪ። ትክክል ቢሆኑ እንኳ «አውቀው ነበር» አትበይ። ደብተርሽ ላይ «አላውቅም» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ጻፊያቸውና ማታ ተመለሺባቸው። ለጓደኛሽም እንደዚሁ። 31 ሲያመጡ «አውቄዋለሁ» ብሎ ማሰብ ይመጣል። የገመተችው አጠገብ ነጥብ ብታደርግ ኖሮ ምናልባት በእርግጥ የምታውቀው ከአንቺ እንደሚያንስ ይታይ ነበር። እስቲ ልጠይቅሽ፤ የተናደድሽባት ስለገመተች ነው ወይስ ድካምሽ ስላልታየ? ሁለተኛው ከሆነ ንገሪያት። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲታመቅ ጥሩ አይደለም።

ግምትን ደግሞ ከልኩ በላይ አታግዝፊው። ፈተናውን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ሰው በአማካይ የሚያመጣው 25 ከመቶ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶው ብቻ እንደነበሩ ታስታውሺያለሽ። በግምት የሚታለፍ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባልሆነ። ከእነዚያ 14 ጥያቄዎች ውስጥ አራቱ ካልጨረሳችሁት አንድ ምዕራፍ የመጡ ናቸው እንበል። ያንን ምዕራፍ በሁለት ሳምንት ብትጨርሺው 4 ነጥብ በእጅሽ ነው። በቀሩት 10 ላይ ደግሞ 2.5 ትጠብቂያለሽ። 3.5 የነበረው 6.5 ሆነ። የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ለማወቅ ያን ባዶ የተውሽበትን ወረቀት አውጪ። 14ቱን ዛሬውኑ በሦስት ክፈያቸው፦ ሁለት ምርጫ መጣል የምችለው፣ አንድ መጣል የምችለው፣ ጭልጥ ብሎ የጠፋብኝ። ሦስተኛው ክምር ካሰብሽው ያንሳል ብዬ እወራረዳለሁ። አባትሽ እንዳይሰሙኝ።

ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ገብተሽ ልገምት ወይስ ልተው እያልሽ ከራስሽ ጋር አትሟገቺ። ያን ከመግባትሽ በፊት ጨርሺው። መመሪያው ሲነበብ ስለ ቅጣት የሚለው ነገር ካለ ስሚ፤ ወረቀቱ ላይም አንብቢ። ቅጣት ከሌለ አንድም ክብ ባዶ አይቀርም፤ ይህ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። መጀመሪያ የምታውቂውን ሥሪ። የሚያጠራጥርሽን ምልክት አድርገሽ እለፊ፣ ተራ ቁጥሩን ግን ጠብቂ። ዘለው የሄዱ ተማሪዎች የ23ን መልስ 22 ላይ አጥቁረው መዓት አይተዋል። በሁለተኛው ዙር የማይሆኑ ምርጫዎችን እየጣልሽ ምረጪ። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለጭፍኖቹ ናቸው። «ሁሉንም ሲ አድርጊ» የሚል ምክር ትሰሚ ይሆናል። ሲም ሆነ ቢ አማካዩ ያው ሩብ ነው፤ ጥቅሙ ጊዜ መቆጠቡ ብቻ ነው። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነም ሳትመልሺ ያለፍሽው እንዳይኖር ከመጨረስሽ በፊት ተመልሰሽ እዪ።

እጅሽ መጀመሪያ አካባቢ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። የሦስት ዓመት ልማድ ነው፣ በአንድ ምክር አይለቅም። ስለዚህ ከአሁን እስከ ፈተናው በምትሠሪያቸው የልምምድ ወረቀቶች ላይ ሁሉ ባዶ አትተዪ። የመምህርሽ ክፍል ግን እንዳለ ይቀጥል፤ እዚያ የምታውቂውን ብቻ።

ለአባትሽ ይህን ደብዳቤ አታሳዪያቸው፣ ወይም አሁን አታሳዪያቸው። ቤት ስትሄጂ፣ ቡና ሲፈላ፣ «አባባ፣ የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃናዎን ሲነግሩ የኔታ ምን አሉዎት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ስለ ፈተና ምንም ሳታነሺ። የሚመልሱልሽን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። በቆሎውም ስንት እንደወጣ ጻፊልኝ።